ልኬን እስካገኝ፦ የኮርስ ብስክሌቴ ነገር

የመጀመሪያዬን ኮርስ (የእሽቅድድም) ብስክሌት የገዛሁት መልኩን ወድጄ ነው። ፍሬሙ፣ ማለትም ዋናው አካሉ፣ ልኩ 58 ሴንቲ ነበር። ሻጩ መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገልኝ። ቁጭ ብዬ እግሬ መሬት ሲነካ «በልክህ የተሠራ ነው» አለኝ። አመንኩት። ቁጭ ብሎ መሬት መርገጥ የልክ ምልክት እንዳልሆነ አላውቅም ነበር።

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ዳገቱ ምን እንደሚመስል ጎንደሬ ሁሉ ያውቀዋል። ግማሹ ላይ ስደርስ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ። አንገቴ ድርቅ ይላል። «ሰውነቴ እስኪለምድ ነው» እያልኩ ሁለት ወር ቻልኩት።

ከዚያ የባሰ ስህተት ሠራሁ። መሪው ስለራቀኝ መቀመጫውን ወደ ፊት ገፋሁት። እጄ ትንሽ እፎይ አለ፤ ጉልበቴ ግን ከፊት በኩል ይወጋኝ ጀመር። አንድ ብስክሌት የሚጠግኑ አባት ከጎን ሆነው አዩኝና «ወንድምዓለም፣ የበዛብህ እኮ ከፍታው ብቻ አይደለም፤ ርዝመቱም ነው። መቀመጫውን ለእግርህ ስትል አስተካክል፣ ለእጅህ ስትል አትንካው» አሉኝ።

ማታውኑ ተለካሁ። በባዶ እግሬ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ቆምኩ። ሽፋኑ ደረቅ የሆነ መጽሐፍ ጭኖቼ መሃል አስገብቼ ወደ ላይ ጠበቅ አደረግኩት። እህቴ በጠርዙ ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰመረች። መጽሐፉ ዘመም እንዳይል ሦስቴ ደገምነው። ከወለሉ 80 ሴንቲ ሜትር።

የፍሬሙን ልክ ለማግኘት 80 በ0.67 ሲባዛ 53.6 ይመጣል። የሚሆነኝ 54 ነው፤ እኔ የምነዳው 58! ለመቀመጫው ከፍታ ደግሞ 80ን በ0.883 አባዛሁ፤ ከፔዳሉ ማዞሪያ መሃል እስከ መቀመጫው አናት 70.6 ሴንቲ። እርግጥ ስሌቱ መነሻ ነው። እግሩ ረጅም፣ ወገቡ አጭር የሆነ ሰው በዚሁ ቁጥር መሪው ሊርቅበት ይችላል። ስለዚህ የፍሬሙን የላይኛውን ዘንግ ርዝመትም እዩ።

መሪውን የሚይዘውን ክንድ ከ110 ወደ 80 ሚሊ ሜትር ቀየርኩት። ትከሻዬ አረፈ፤ ቁልቁለት ላይ ግን መሪው በትንሽ ንክኪ ይዞር ጀመር። በመጨረሻ ሸጥኩትና 54 ገዛሁ።

የመሪው ከፍታ ሌላ ትግል ነበር። ተወዳዳሪዎችን አይቼ ከመቀመጫው 8 ሴንቲ ዝቅ አደረግኩት። ወገቤ አልቻለም። ከዚያ ከመሪው ክንድ ሥር ማስነሻ ቀለበት እየጨመርኩ በየሳምንቱ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ አደረግኩት። መለኪያዬ ይህ ነበር፦ የመሪውን የታችኛውን ቆልማማ ይዤ፣ ክንዴን አጠፍ አድርጌ፣ አሥር ደቂቃ ያለ ጭንቀት መንዳት። መሪው በጣም ከፍ ሲል ደግሞ ክብደቴ ሁሉ መቀመጫው ላይ ወደቀ፤ መልሼ ቀነስኩ።

አደራ የምለው፣ ልካችሁን ሳታውቁ የሹካውን ቱቦ፣ ማለትም የመሪው ክንድና ቀለበቶቹ የሚታሰሩበትን፣ አታስቆርጡ። አይቀጠልም። ከክንዱ ሥር የወጣው ቀለበት ከክንዱ በላይ ይቀመጥ። ክንዱ ቱቦው ውስጥ የሚገባ የድሮ ሞዴል ከሆነ ደግሞ ክንዱ ላይ የመጨረሻ ከፍታ ምልክት አለ፤ እሱን አሳልፋችሁ አታውጡ፤ እየነዳችሁ ሊነቀል ይችላል።

አሁን መሪዬ ከመቀመጫው 3 ሴንቲ ዝቅ ይላል። ማክሰኝት ደርሼ ስመለስ ጣቶቼ ደህና ናቸው። ክረምቱን ሳልነዳ ከከረምኩ ግን መስከረም ላይ አንዷን ቀለበት ወደ ሥር እመልሳታለሁ።