ከተረፈ ተርኪ የተሠራ ነጭ ወጥ

በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ ታንክስጊቪንግ፣ የዋለው ኅዳር 19 ቀን ሲሆን፣ የነቢያት ጾም ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ሜሪላንድ ቤታችን ከተጋበዙት አሥራ አንድ ሰዎች ሰባቱ ጾመኞች በመሆናቸው ሽሮውና ጎመኑ ተሟጥጦ ሲያልቅ፣ 14 ፓውንድ የሚመዝነው ተርኪ (የበዓሉ ምግብ የሆነው የቱርክ ዶሮ) አንድ ጎኑ ብቻ ተነክቶ ቀረ። የተረፈ የበሰለ ሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን ብቻ ስለሚቆይ በማግስቱ ብላንኬት የሚባለውን የፈረንሳዮች ነጭ ወጥ ለመሥራት ወሰንሁ።

ብላንኬት ስሙን ያገኘው በፈረንሳይኛ «ነጭ» ከሚለው ቃል ነው። ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው በጥሬ የጥጃ ሥጋ ቢሆንም፣ በ18ኛው መቶ ዘመን ግን ተጠብሶ ከተረፈ የጥጃ ሥጋ ይሰናዳ ስለነበር ትራፊ መጠቀሜ እምብዛም አላሳፈረኝም።

ሥጋውን ፈልፍዬ ካስቀመጥሁ በኋላ አጥንቱን ከካሮት፣ ከባሮ ሽንኩርት፣ ከጥቂት ጦስኝና ሁለት ቅርንፉድ ከተሰካበት ራስ ሽንኩርት ጋር ለሁለት ሰዓት ያህል በዝግታ ቀቀልሁት። ሦስት ሊትር ገደማ መረቅ ወጣው። ጨው አለመጨመሬ በጀኝ፤ ብዙዎቹ የሱቅ ተርኪዎች አስቀድሞ የጨው ውኃ የተወጉ በመሆናቸው መረቁ ከአጥንቱ ብቻ በቂ ጨው ነበረው።

ፈተናው የመጣው ከገዛ እጄ ነው። ዕድሜ ልኩን ቁሌት ሲያቁላላ የኖረ እጅ ድስት ሲጣድ ሽንኩርት ካላጠቆረ ሥራ የጀመረ አይመስለውም። እዚህ ግን ምንም ነገር መቅላት የለበትም። 60 ግራም ለጋ ቅቤ አቅልጬ 60 ግራም ዱቄት ጨመርሁና፣ ዱቄቱ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ደቂቃ ያህል አማስዬ፣ ቀለም ሳይዝ አንድ ሊትር መረቅ ጥቂት በጥቂት እያፈሰስሁ መታሁት። እንጉዳዩንም እንዳይጠቁር በሎሚ ጭማቂና በጥቂት ውኃ ለብቻው አበሰልሁት።

የመጀመሪያው ድስት የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት የእንቁላል አስኳል ከ200 ሚሊ ሊትር ክሬም ጋር መትቼ በሚንተከተከው ወጥ ላይ ባንድ ጊዜ ገለበጥሁትና፣ እንደ ዶሮ ወጥ «ይዋሃድ» ብዬ እሳቱ ላይ ተውሁት። ስመለስ አስኳሉ ተቋጥሮ፣ ወጡ ላይ ደቃቅ ቢጫ ፍርፋሪ ይንሳፈፍ ነበር፤ ሥጋውም ድጋሚ በመቀቀሉ እንደ ክር ተተልትሏል። ባጠልለውም አልዳነም።

ደግነቱ የተጠቀምሁት ከመረቁም ከሥጋውም ሢሶውን ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዙር ቅደም ተከተሉን ለወጥሁ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የተረፈ ምግብ ሲሞቅ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ ስለሚመክር፣ ሥጋውን አስኳሉ ከመግባቱ በፊት በወጡ ውስጥ በቴርሞሜትር እየለካሁ አሞቅሁትና ድስቱን ከእሳት አወረድሁት። ከዚያም ሁለት ጭልፋ ትኩስ ወጥ በአስኳሉና በክሬሙ ላይ በቀጭኑ እያንጠባጠብሁ ከመታሁ በኋላ ድብልቁን ወደ ድስቱ መለስሁ። ዝቅተኛ እሳት ላይ ጥዶ ሳያቋርጡ ማማሰልና እንፋሎቱ መብዛት ሲጀምር ማውረድ ነው፤ መፍላት ፈጽሞ የለበትም። ማንኪያው ጀርባ ላይ በጣት ሲሰመር መስመሩ ሳይገጥም ከቆየ ደርሷል። ሎሚ፣ ጥቂት ገውዝና ነጭ ቁንዶ በርበሬ የገቡት መጨረሻ ላይ ነው።

ጾመኛዋ እናቴ መቅመስ ስላልቻለች ድስቱን ከላይ አየችና «ልጄ፣ በርበሬው አልቆብሽ ነው?» አለችኝ። እኛ ግን በሩዝ አድርገን ጠርገን በላነው፤ እኔማ ከተጠበሰው ተርኪ ራሱ አስበልጬዋለሁ።

ማታ ላይ እናቴ ሽታው ሳያስቀናት አልቀረም መሰለኝ፣ «ለገና አስቀሪልኝ» አለች። ክሬምና አስኳል የገባበት ወጥ በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ስለሚለያይ፣ የቀረውን አንድ ሊትር መረቅና ሥጋውን ብቻ ለየብቻ አሽጌ ፍሪዘር ውስጥ ከተትሁ፤ ክዳኑም ላይ «ታኅሣሥ 29፣ የእማዬ» ብዬ ጻፍሁ።