«ሞተሩ ይሸጥ»

በቁማር ተይዞ ወደ እኛ ክፍል የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በራሱ እግር አይመጣም፤ ጉዱ ሲወጣ ቤተሰብ ይዞት ይመጣል። ይህንንም ልጅ ያመጣው ታላቅ ወንድሙ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ዕቁብ ጸሐፊ ነበር። የሰው ብር በቤቲንግ አስበልቶ፣ ዕጣ የደረሳት ሴትዮ ገንዘቧን ስትጠይቅ ተያዘ።

ወንድምየው እፎይ ብሏል። «አሁንማ ሁሉንም ተናግሯል፤ የቴሌብሩንም ሚስጥር ቁጥር ሰጥቶኛል» አለኝ። ልጁም ረጋ ብሏል። ከኪሱ በሥርዓት የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ፤ የአበዳሪ ስም፣ ስልክ፣ የብሩ መጠን። ከሥሩ «ሞተሩ ይሸጥና ለዕቁቡ ይከፈል። እማዬን ማንም እንዳይጠይቃት» ይላል።

ሞተሩ የራሱ ነው። ታዲያ ራሱ የማይሸጠው ለምንድን ነው?

«ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» አልኩት።

ወንድሙ ብድግ አለ። «ኧረ ሲስተር፣ ያላሰበውን አያሳስቡት!»

ይህን ፍርሃት ከባለሙያም እሰማለሁ። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ ግን በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል። ልጁ መሬት መሬት እያየ «ከዕጣው ቀን ጀምሮ» አለ።

ስዊድን ውስጥ የቁማር ሕመም እንዳለባቸው በሕክምና መዝገብ የሰፈሩ ከ2,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ራስን በማጥፋት የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ 15 እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቷል። እነዚህ እኮ ሕክምና ቤት የደረሱት ናቸው! እኔ እንደማየው፣ ዕዳው ተደብቆ ሳለ «አንድ ቲኬት ሁሉን ይመልሰዋል» የሚል ተስፋ አለ። ሲገለጥ ያም ያልቅና ሐፍረቱ ብቻ ይቀራል። ቤተሰብ እፎይ የሚለው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው።

ብቻውን እንዳያድር፣ ሊጎዳው የሚችል ነገር ከቤት እንዲነሳ ተነጋገርን። ማታ ሐሳቡ ሲበረታበት ለማን እንደሚደውል በእጁ ጻፈ። በዚያው ቀን የሥነ አእምሮ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ላክነው።

የዕዳውን ወረቀት ወንድሙ ይዞ ወደ ዕቁቡ ዳኛ ሄደ። አባላቱ በየወሩ ከደመወዙ እንዲከፍል ተስማሙ። ሴትዮዋ ግን እስከ ዛሬ እንዳኮረፈች ነው፤ አልፈርድባትም።

ልጁ ከዚያ ወዲህ አንዴ ተመልሶ ቤቲንግ ቤት ገብቶ ነበር። ወንድሙ ያን ማታ ሲደውልልኝ፣ ያቺን ጥያቄ አስቀድሞ ራሱ ጠይቆት ነበር።