«እንዳትቀደው!»

ስለ ንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ሕግ በተዘጋጀ የአንድ ቀን የባለሙያዎች ጉባዔ ላይ ነበርን። ከምሠራበት ድርጅት የተላክነው እኔ ከሕግ ክፍል፣ ከእኔ ጋር ደግሞ የሽያጭ ኃላፊው ነን። ጠዋቱን ሙሉ ስለ ካርቴል፣ ማለትም ተፎካካሪዎች ላለመወዳደር በምስጢር ስለሚያደርጉት ስምምነት፣ ቅጣት ሰማን። በአውሮፓ ኅብረት ቅጣቱ እስከ አጠቃላይ ዓመታዊ ሽያጭ 10 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል፣ በአሜሪካ ደግሞ ዋጋ ለመወሰን ከተፎካካሪ ጋር የተመሳጠረ ግለሰብ እስከ 10 ዓመት ሊታሰር እንደሚችል ተነገረን። ሁላችንም ማስታወሻ ያዝን።

ስሕተቱ የተሠራው በምሳ ሰዓት ነው። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጥነው ስድስት ሰዎች የአራት ተፎካካሪ ድርጅቶች ሠራተኞች ነበርን። ወሬው የገበያው መቀዛቀዝ ነበር። ከመካከላችን አንዱ የጉባዔውን መርሐ ግብር ገልብጦ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ከ12 ወደ 9» ብሎ ጻፈና ወደ መሐል ገፋው። «ለአከፋፋዮች የምንከፍለውን ኮሚሽን ከመጪው ወር ጀምሮ እዚህ ልናደርሰው ነው» አለ። አንዱ ፈገግ አለ፤ ሌላው ወደ ሳሕኑ አቀረቀረ፤ የእኛ የሽያጭ ኃላፊ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔ ዝም አልኩ። በሰው ፊት ሰው ማሳፈር ከበደኝ። ስንነሣ ወረቀቱን አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት፤ ቀዳድጄ ልጥለው ነበር።

ከመጣሌ በፊት ግን ለክፍላችን ኃላፊ ደወልኩላቸው።

«ወረቀቱ የት አለ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው። ልቀደው ነው።»

«እንዳትቀደው!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሰውየውን ምን አልከው?»

«ምንም አላልኩትም።»

ጥቂት ዝም አሉ። «እኔን ከወረቀቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ዝምታህ ነው» አሉኝ።

ማታ ቢሮ ስገባ አንድ ፍርድ አውጥተው ጠበቁኝ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኔዘርላንድስ ውስጥ አምስት የሞባይል ስልክ ኩባንያዎች ተሰብስበው ለሻጮች ስለሚከፈለው ኮሚሽን ተነጋገሩ። ልክ እንደ እኛ ምሳ፣ የተነሣው ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ አልነበረም። ሆኖም የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሰጠው ፍርድ፣ የተቀናጀ ድርጊት (ተፎካካሪዎች ያለ ውል ተናበው መሥራታቸው) ለማለት አንድ ስብሰባ እንኳ ሊበቃ እንደሚችል፣ በሸማቹ ዋጋ ላይ ቀጥተኛ ውጤት መታየቱም ግዴታ እንዳልሆነ ወሰነ። መረጃውን የሰማ ድርጅት በገበያው ውስጥ እስከቀጠለ ድረስ ተጠቅሞበታል ተብሎ ይገመታል፤ አልተጠቀምኩም ባዩ ያስረዳ። በዚያው ጠረጴዛ ተቀምጦ ተቃውሞውን በግልጽ ያላሰማም እንደተስማማ ይቆጠራል። ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን የሚባል ነገር በዚህ ሕግ የለም። ወረቀቱን ብቀደው ኖሮ ደግሞ አምስት ሰው ያየውን ነገር ማስረጃ ያጠፋሁ እኔ እሆን ነበር።

ያን ሌሊት የሆነውን ሁሉ፣ ማን የት እንደተቀመጠና ምን እንደተባለ፣ የእኔን ዝምታ ጭምር ጻፍኩ። ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ ፈረምኩበት። በማግሥቱ ለሦስቱ ድርጅቶች ደብዳቤ ወጣ፦ መረጃውን አልጠየቅንም፣ አንጠቀምበትም፣ ኮሚሽናችንን የምንወስነው ለብቻችን ነው። የንግድ ውድድርን በሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ዘንድ ቀድሞ ስለ ማመልከትም ከውጭ ጠበቃ ጋር ምክክር ተጀመረ፤ በብዙ አገሮች ሙሉ የቅጣት ምሕረት የሚያገኘው ቀድሞ የደረሰው ብቻ ነውና።

ከባዱ ነገር ሌላ ነበር። የሽያጭ ክፍሉ ከጉባዔው ሁለት ወር አስቀድሞ፣ በራሱ ስሌት፣ ኮሚሽኑን ዝቅ ለማድረግ ረቂቅ አዘጋጅቶ ነበር። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ ከዚያ ምሳ በኋላ ግን ማን ያምነናል? ረቂቁ እንዲቆም፣ የሽያጭ ኃላፊውም ከኮሚሽን ውሳኔ እንዲገለል ተደረገ። ሰውየው በጣም አዘነብኝ። «አንተ እዚያው ‹ተው› ብትለው ኖሮ እኔም አልነቀንቅም ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። የሕግ ሰው አድርገው አብረው የላኩኝ ለዚያች ደቂቃ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በዓመቱ ለሌላ ጉባዔ ብቻውን ሄደ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ኮሪደር ላይ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማል።

«የዋጋ ወሬ ጀመሩ። ‹እኔ እዚህ የለሁበትም› ብዬ ጮክ ብዬ ተናግሬ ወጣሁ። አሁን ስምንት ሰዓት ከአርባ ነው፣ ጻፍልኝ።»

ጻፍኩለት።