የ1995ቱ ኔብራስካ ወይስ የ2001ዱ ማያሚ? የአንድ ዓመት ማስታወሻዬ

ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ገብቶ የአሜሪካ ፉትቦል ሲጀምር ስለ ጨዋታው የማውቀው ልጆቹ እንደሚጋጩ ብቻ ነበር። አርብ አርብ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እቀመጣለሁ፤ ሰው ሲነሣ እነሣለሁ፣ ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጭባለሁ። ባለፈው ዓመት ግን ነገሩ ተለወጠ። እንደኔ ልጃቸው እየተጫወተ ጨዋታው ላልገባቸው ወላጆች ይጠቅማል ብዬ ስለማምን፣ የሄድኩበትን መንገድ ከነስሕተቱ ላካፍላችሁ።

ቤቴ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። የምሠራው ሌሊት ነው፤ አብሮኝ የሚሠራ የኔብራስካ ሰው አለ። አንድ ሌሊት ሻይ እየጠጣን ሳለ "ከ1995ቱ ኔብራስካ የሚስተካከል የኮሌጅ ቡድን እስከዛሬ አልተፈጠረም" አለኝ። ጠዋት ቤት ገብቼ ለልጄ ስነግረው ቁርሱን ትቶ "እማዬ፣ የ2019ኙ ኤል ኤስ ዩስ?" አለ፤ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን ማለቱ ነው። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው፤ ሁለቱም ያደጉበትን ቡድን ነው የሚያነሡት። እኔ ያደግሁበት ቡድን ስለሌለኝ ልፈርድ እችላለሁ ብዬ አሰብኩና አንድ ደብተር ገዛሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። የ1995 ቡድን ስል በዚያ መኸር የተጫወተውን ማለቴ ነው፤ የመጨረሻው ጨዋታ ብዙ ጊዜ በቀጣዩ ጥር ላይ ይውላል።)

መጀመሪያ ያደረግሁት ስሕተት ነበር። የቡድኖቹን ጠቅላላ ነጥብ ጽፌ ከላይ ወደ ታች ደረደርኩ። የ2019ኙ ኤል ኤስ ዩ 726 ነጥብ፣ የ1995ቱ ኔብራስካ 638፣ የ2001ዱ ማያሚ 512፣ የ1945ቱ የጦር አካዳሚ ቡድን አርሚ 412። ልጄ ደስ አለው። በማግሥቱ ሳየው ግን ኤል ኤስ ዩ 15 ጊዜ ተጫውቷል፣ ኔብራስካና ማያሚ 12፣ አርሚ 9 ብቻ። በጨዋታ ሳካፍለውና የገባባቸውን ስቀንስ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፦ አርሚ በአማካይ በ41 ነጥብ ገደማ ነው ያሸነፈው፣ ኔብራስካ በ39 ገደማ፣ ማያሚ በ33፣ ኤል ኤስ ዩ በ26 ተኩል።

ታዲያ አርሚ አንደኛ ነው ማለት ነው? ለሁለት ሳምንት ያህል እንደዚያ ብዬ ነበር። ዶክ ብላንቻርድና ግሌን ዴቪስ የሚባሉ ሁለት ሯጮች ነበሩት፤ አንዱ የ1945ን፣ ሌላው የ1946ን የሃይዝማን ሽልማት (ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን) ወስደዋል። በ1945 ኖተር ዳምን 48 ለ 0 አሸነፉ። ግን ጊዜው የዓለም ጦርነት ነው። የሌሎቹ ኮሌጆች ወጣቶች ወደ ጦር ሜዳ ሲዘምቱ አካዳሚው ጎበዝ ጎበዙን ወደራሱ ይሰበስብ ነበር። ተጋጣሚው በሳሳበት ዘመን 41 ነጥብ ምን ይመዝናል? እዚህ ላይ ነው የደብተሬን ገጽ ቀድጄ እንደገና የጀመርኩት። አንድን ቡድን ከሌላ ዘመን ቡድን ጋር በቀጥታ ማጋጨት አይቻልም፤ የሚቻለው እያንዳንዱ የገዛ ዘመኑን ጠንካሮች ምን እንዳደረጋቸው ማየት ነው። ስለዚህ ሦስት አምድ አሰመርኩ፦ ማንን አሸነፈ፣ በስንት አሸነፈ፣ ለመሸነፍ የቀረበበት ጨዋታ የትኛው ነው።

ሦስተኛውን አምድ ያስተማረኝ የራሳችን የኮሎራዶ ቡድን ነው። የ1990ው ኮሎራዶ ሻምፒዮን ነው፤ ቡድኑ ያለበት ቦልደር ከተማ ሄዳችሁ ብትጠይቁ በኩራት ይነግሯችኋል። በዚህ ጨዋታ አጥቂው 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ ነው የሚሰጠው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ሚዙሪ ውስጥ ዳኞቹ ቆጠራው ጠፍቷቸው ለኮሎራዶ አምስተኛ ሙከራ ሰጡት፤ በአምስተኛውም ገብቶ 33 ለ 31 አሸነፈ። በመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ ኖተር ዳምን 10 ለ 9 ነው ያሸነፈው፤ ባለቀ ሰዓት ሮኬት ኢስማኢል የተመታውን ኳስ ተቀብሎ ሜዳውን ሙሉ ሮጦ ቢያስቆጥርም በጓደኛው ጥፋት ተሰረዘበት። ያኔ ሻምፒዮኑ የሚመረጠው በጋዜጠኞችና በአሰልጣኞች ድምፅ ነበር፤ የአሰልጣኞቹ ድምፅ ያን ዓመት ጆርጂያ ቴክን ነው አንደኛ ያደረገው። ኮሎራዶን እወደዋለሁ፣ ልጄም እዚያ ቢማር ደስ ይለኛል፤ ከታላላቆቹ ተርታ ግን ላስገባው አልቻልኩም። ሻምፒዮን መሆንና ታላቅ መሆን ለየብቻ መቆጠር እንዳለባቸው የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ማያሚ ገባሁ፤ ሁለት ወር ሙሉም አልወጣሁም። የ2001ዱን ማያሚ ስም ዝርዝር ማየት ብቻ ያስደነግጣል። ከዚያ ቡድን 38 ተጫዋቾች ወደ ኤን ኤፍ ኤል፣ ማለትም ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ተመርጠዋል፤ 17ቱ በመጀመሪያው ዙር ነው የተመረጡት። ኤድ ሪድ፣ አንድሬ ጆንሰን፣ ክሊንተን ፖርቲስ፣ ሾን ቴይለር፣ ቪንስ ዊልፎርክ። ፍራንክ ጎር ያኔ ጀማሪ ተጠባባቂ ነበር። እሱ በኋላ 16,000 ያርድ ሮጦ በኤን ኤፍ ኤል ታሪክ ሦስተኛ የሆነ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ተራውን ይጠብቃል። ሲራኪዩስን 59 ለ 0፣ በሳምንቱ ዋሽንግተንን 65 ለ 7 አሸነፉ። ሁለቱም በደረጃው ውስጥ የነበሩ ቡድኖች ናቸው።

ከዚያ ዓመት ደጋግሜ ያየኋት አንዲት ቅጽበት አለች። ከቦስተን ኮሌጅ ጋር ነው፤ ማያሚ 12 ለ 7 ይመራል፣ ከአንድ ደቂቃ በታች ቀርቷል፣ ቦስተን ኮሌጅ ከመስመሩ 9 ያርድ ላይ ደርሷል። አንድ ታችዳውን (ኳሱን ከመስመሩ ማሳለፍ) ብቻ፣ ዓመቱ በሙሉ ያልቃል። የተወረወረው ኳስ የማያሚ ተከላካይ እግር ላይ ነጥሮ ማት ዋልተርስ የሚባል ትልቅ ሰውዬ እጅ ውስጥ ይገባል። ዋልተርስ የማያሚ ሰው ነው፤ ይዞ መውደቅ ይበቃው ነበር። እሱ ግን መሮጥ ጀመረ። ኤድ ሪድ ከኋላው ደርሶ ከገዛ ጓደኛው እጅ ኳሱን ነጠቀና እስከ መጨረሻው ሮጠ። 18 ለ 7። ሪድ ለማንም ኳስ አያምንም፤ ለጓደኛውም ቢሆን። ፊቱን ስታዩት ደስታ የለበትም፤ ቁጣ ነው ያለበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቨርጂኒያ ቴክ 26 ለ 24 አድርሷቸው አቻ ለመሆን የወረወሩት ኳስ ከተቀባዩ እጅ አመለጠ። ያን ጊዜም ነገሩን የዘጋው ሪድ ነው፤ ኳስ ጠልፎ።

ስለዚህ በማያሚ ሦስተኛ አምድ ውስጥ ሁለት ጨዋታ አለ። ሌላ የከበደኝ ነገር ደግሞ የመጨረሻው ተጋጣሚ ነው። ማያሚ በሮዝ ቦውል ኔብራስካን 37 ለ 14 አሸንፏል፤ በእረፍት ሰዓት 34 ለ 0 ነበር። ያ ኔብራስካ ግን ከአንድ ወር ከምናምን በፊት እዚሁ ቦልደር ላይ በኮሎራዶ 62 ለ 36 ተቀጥቶ የሊጉን ዋንጫ እንኳ ያላገኘ ቡድን ነው። ያን ጊዜ ሁለቱን ተፋላሚዎች የሚመርጠው በድምፅና በኮምፒዩተር ቀመር የተደባለቀ ስሌት ነበር፤ በጋዜጠኞቹ ድምፅ ሁለተኛ የነበረው ኦሪገን በስሌቱ ቀረ። ኦሪገን ቢሆን ኖሮስ? መልስ የለውም። በማያሚ ጥፋት ያልመጣን ነገር በማያሚ ላይ መቁጠርም አግባብ አይመስለኝም፤ ግን አምዱ ባዶ ነው፣ ባዶውን መሙላት አልችልም።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ የማየው ኳሱን እየተከተልኩ ነበር። አንድ እሑድ ቡና አፍልቼ ተቀምጠን ልጄ ስክሪኑን አቆመና "እማዬ፣ ኳሱን ተይው" አለኝ። እሱ የሚጫወተው መስመር ላይ ነው፤ ኳስ አይነካም፣ ስሙም በድምፅ ማጉያ አይጠራም። ከረከቦቱ ላይ አምስት ሲኒ አንሥቶ በአንድ መስመር ደረደረ፣ ስድስተኛውን ከኋላ አቆመ፣ የስኳሩን ዕቃ ከፊት ለፊት አደረገ። ከኋላ ያለው ሲኒ ማጥቃቱን የሚመራው ኳርተርባክ ነው፤ ሦስት ምርጫ አለው አለኝ፤ መሐል ለሚገባው ሯጭ መስጠት፣ ራሱ ይዞ መሮጥ፣ ወይም ጎን ለጎን ለሚሮጠው ወደ ውጭ መጣል። አንዱን ተከላካይ ሆን ብለው ማንም አይነካውም፤ ኳርተርባኩ የሚያነበው እሱን ነው። ስኳሩን ወደ መሐል ገፋው፤ ኳሱ ወደ ውጭ ሄደ። ወደ ውጭ ገፋው፤ ኳሱ መሐል ገባ። "ስለዚህ ሰውየው የትም ቢሄድ ተሳስቷል" አለኝ። አምስቱ ሲኒዎች የቀሩትን ከያዙለት ማለት ነው።

የ1995ቱን ኔብራስካ ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው፤ ሌላ ጨዋታ መሰለኝ። የአሰልጣኝ ቶም ኦስቦርን ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ 400 ያርድ ገደማ በሩጫ ብቻ ይሄድ ነበር። ተጋጣሚው ሁሉ ኳሱ በእግር እንደሚመጣ ያውቃል፤ ያውቃል እንጂ አያቆመውም። በዓመቱ ውስጥ ከ14 ነጥብ ባነሰ ልዩነት ያሸነፉበት አንድም ጨዋታ የለም፤ በጣም የቀረባቸው ዋሽንግተን ስቴት ነው፣ 35 ለ 21። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስተኛው አምድ ባዶ ቀረ። የመጀመሪያው አምድ ደግሞ ሞላ፦ ዓመቱ ሲያልቅ ከአንድ እስከ አሥር ከወጡት ውስጥ ፍሎሪዳን፣ ኮሎራዶን፣ ካንሳስ ስቴትንና ካንሳስን አሸንፈዋል። ኮሎራዶን 44 ለ 21 ያሸነፉት እዚሁ ቦልደር መጥተው ነው።

ፍሎሪዳም ወደ መጨረሻው ጨዋታ የመጣው 12 ጊዜ ተጫውቶ 12ቱንም አሸንፎ ነው። በቅብብል ኳስ ሊጉን ያስለቀሰ ቡድን ነበር። በመጀመሪያው ኳርተር 10 ለ 6 መራ። በሁለተኛው ኳርተር ኔብራስካ 29 ለ 0 አገባበት። ሦስተኛው ሊያልቅ ሲል የኔብራስካው ኳርተርባክ ቶሚ ፍሬዘር ኳሱን ይዞ ወደ ቀኝ ሄደ፤ አንዱ ያዘው፣ ሁለተኛው ተጠመጠመበት፣ ሌሎች ተከመሩበት፤ ለአፍታ የቆመ መሰለ። ከዚያ ከክምሩ ውስጥ ብቻውን ወጥቶ 75 ያርድ ሮጠ። እኔ ግን ልጄ እንዳስተማረኝ ወደ ኋላ መልሼ መስመሩን አየሁ። ፍሬዘር ገና ሳይያዝ የፍሎሪዳ የፊት ሰዎች ከቦታቸው ተገፍተው ነበር። 62 ለ 24 አለቀ፤ በሩጫ ብቻ 524 ያርድ።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። የዚያ ቡድን ሯጭ ሎውረንስ ፊሊፕስ በዚያው መኸር የቀድሞ ፍቅረኛውን ደብድቦ ተይዟል። ለሳምንታት ከታገደ በኋላ ተመልሶ በዚህ ጨዋታ ሦስት ታችዳውን አስቆጥሯል። አሰልጣኙ መመለሱ ልጁን ያድነዋል ብለው ነበር የተከራከሩት። የልጅ እናት ነኝ፤ የተደበደበችውም የአንድ እናት ልጅ ናት። ነጥቡን ከድምሩ አላወጣሁትም፣ ቡድኑ ያለ እሱም ብዙ ጨዋታ አሸንፏልና። ግን በኔብራስካ ገጽ ላይ ከሁሉም ቁጥሮች በላይ በቀይ ጽፌዋለሁ፤ የሥራ ባልደረባዬ ደብተሬን ሲያገላብጥ እዚያ ላይ ቆሞ ዝም አለ፤ ከዚያ "ልክ ነሽ" አለኝ።

ልጄ የኤል ኤስ ዩን ጉዳይ አልተወኝም፤ ጥሩ ክርክርም አለው። ኳርተርባኩ ጆ በሮው በአንድ ዓመት 60 የታችዳውን ኳስ ወርውሯል። ኦክላሆማን 63 ለ 28 ሲያሸንፉ ሰባቱን በመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው የወረወረው። ተቀባዮቹ ደግሞ ጃማር ቼዝና ጀስቲን ጄፈርሰን በአንድ ሜዳ ላይ! እንደሱ ያለ ማጥቃት አላየሁም። ግን ቴክሳስ 38፣ ቫንደርቢልት 38፣ አላባማ 41 አግብተውበታል፣ ኦበርን በ3 ነጥብ ልዩነት ነው የተሸነፈው። ልጄ ዘመኑ የማጥቃት ዘመን ነው ይላል፤ እውነት ነው፣ ለዚህም ብዬ ከአርሚ አስበልጬዋለሁ። ከዚያ በላይ ግን አላወጣሁትም።

ስለዚህ ዛሬ ደብተሬ ላይ ያለው፣ ኔብራስካ 1995፣ ማያሚ 2001፣ ኤል ኤስ ዩ 2019፣ አርሚ 1945 ነው። ተጫዋች ለተጫዋች ብትሉኝ ማያሚ ይበልጣል፤ ለዚህ አልከራከርም። ጥያቄው ቡድን ከሆነ ግን አንድም ጊዜ ያልተንገዳገደውን ነው የማስቀድመው።

ገና ያልሞላ ገጽ አለኝ፤ የ1971ዱ ኔብራስካ። ያን ዓመት በጋዜጠኞቹ ድምፅ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ኔብራስካ፣ ኦክላሆማና ኮሎራዶ ናቸው፤ ሦስቱም ከአንድ ሊግ፣ ኔብራስካም ሁለቱንም አሸንፏል። ከኦክላሆማ ጋር የተደረገው በምስጋና ቀን ነው፣ 35 ለ 31። ባልደረባዬ ሙሉውን ጨዋታ አግኝቶልኛል፤ ቅዳሜ ከልጄ ጋር እናየዋለን። በዚያ ጨዋታ ሪች ግሎቨር የሚባል የኔብራስካ የመሐል ተከላካይ፣ ኳሱን ከመሬት አንሥቶ ከሚያቀብለው ሴንተር ፊት ለፊት የሚቆመው፣ 22 ጊዜ ሰው ጥሎ አስቁሟል። መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።