የጋሼ ኤክስፔዲሽን

በፈረንጆቹ 2008 ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የመኪና መሸጫ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። የምንሸጠው ፎርድ ነው። ኑሮዬ በኮሚሽን ስለሆነ ትልልቆቹን ኤስዩቪዎች እወዳቸው ነበር። ግዙፉ ኤክስፔዲሽን አንዱ የሚያስገኝልኝን ትንሿን ፎከስ ሦስት ሸጬም አላገኘውም።

ፎርድም ያው እንደኔ ነበር። ኤክስፕሎረር የሚባለው ኤስዩቪው በ2000 ብቻ ከ400 ሺህ በላይ ተሸጧል። ትርፉ እዚያ ከሆነ ትንንሾቹን ማን ዞር ብሎ ያያል? በ2006 ችግሩ ሲበረታ ኩባንያው ፋብሪካዎቹን፣ ሰማያዊ ዓርማውን ሳይቀር አስይዞ ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበደረ። እኛ ግቢ ግን ነገሩ ገና የዜና ወሬ ነበር።

ሰኔ ላይ ቤንዚን በጋሎን 4 ዶላር አለፈ። በዚያው ሰሞን አንድ የአገሬ ሰው ደወሉ። የ2005 ኤክስፔዲሽናቸውን የሸጥኩላቸው እኔው ነኝ።

«ልጄ፣ ይሄ መኪና ሊበላኝ ነው። ብመልሰው ስንት ትይዙልኛላችሁ?»

ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ያገለገሉ መኪኖች የዋጋ መጽሐፍ ገለጥ አደረግኩና «ጋሼ፣ 14 ሺህ አያጡም» አልኳቸው። መጽሐፉ የሚያዝያ ነበር።

ቅዳሜ መጡ። መኪናው ታጥቧል፣ ምንጣፉ ተራግፏል፣ የጥገና ደረሰኞቹ በፖስታ ተይዘዋል። ማናጀሩ ወጣና ዞሮ እንኳ አላየውም። ጣቱን ወደ አጥሩ ቀሰረልኝ። ሰባት ግዙፍ መኪኖች ተደርድረዋል። ገዢ አጥተው ከመቆማቸው ብዛት ባትሪያቸው እየሞተ፣ በየጠዋቱ ኬብል ይዤ የማስነሳቸው እኔ ነበርኩ። መስታወታቸው ላይ በነጭ ቀለም የጻፍነውን ዋጋም በየሰኞው እየፋቅን እንቀንሳለን።

«8 ሺህ። እሱንም ላንተ ብዬ ነው» አለኝ።

የጋሼ የባንክ ዕዳ ደግሞ ገና 11 ሺህ ነው። መኪናውን ሰጥተው ሦስት ሺህ ሊጨምሩ ማለት ነው።

«አሥራ አራት አላልከኝም?» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«መጽሐፉ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«መጽሐፉን ማን ጠየቀው? እኔ የጠየቅኩት አንተን ነው።»

ምን ይመለሳል? በየጠዋቱ ኬብል ይዤ ስዞር ዋጋው በእጄ ላይ ነበር። አላየሁትም፤ ማየትም አልፈለግኩም መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ለማንም ሰው ዋጋ ከመናገሬ በፊት መጀመሪያ እስከ አጥሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፤ ጨረታ ቤትም እደውላለሁ። ማናጀሩ ይስቅብኝ ነበር።

በሐምሌ ፎርድ ኤክስፔዲሽን የሚገጣጠምበትን የሚሺጋን ፋብሪካውን ለትንንሽ መኪኖች ሊቀይረው መሆኑን አስታወቀ። የዚያ ዓመት ኪሳራው ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ቢሆንም ተፎካካሪዎቹ ጂኤምና ክራይስለር በ2009 ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው ፍርድ ቤት ሲገቡ፣ እሱ በዚያች ብድር ተረፈ።

ጋሼ መኪናውን ይዘውት ቀሩ። እሁድ እሁድ ጎረቤቶቻቸውን ሞልተው ቤተ ክርስቲያን ይወስዱበታል፤ ቤንዚኑን በመዋጮ። በር ላይ ሲያገኙኝ ታዲያ መስኮቱን ዝቅ ያደርጉና «እህ፣ ዛሬስ መጽሐፉ ስንት ይላል?» ይሉኛል።