ለኤች ፓይሎሪ የመጣው ናሙና

ያኔ በምሠራበት የግል ሆስፒታል የስብ ምርመራ ውጤት የምናትምበት ወረቀት ለኤች.ዲ.ኤል፣ ጥሩ ለሚባለው ኮሌስትሮል፣ አንድ ቁጥር ብቻ ነበረው። ከ40 በላይ ከሆነ ጤናማ ነው ይላል። ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ለሴት ግን ከ50 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው የሚባለው። የመመርመሪያ ኬሚካሉ ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀት እንኳን ሁለቱን ለያይቶ ጽፏቸዋል። ኮምፒውተሩ ላይ የሞላው ሰው የወንዱን ብቻ ወሰደ።

ለላብራቶሪ ኃላፊው ነገርኩት። «ፎርማቱ የጸደቀ ነው፤ ሐኪሞቹ ያውቁታል» አለኝ። የሴት ውጤት ከ50 በታች ሲሆን በእስክሪብቶ ማክበብ ጀመርኩ። ያንንም ከለከለኝ። የታተመ ውጤት ላይ በእጅ አይጻፍም።

ባልና ሚስቱ የመጡት ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ነው። እሳቸው ለአጠቃላይ ምርመራ፣ ባለቤታቸው ለስኳር ክትትል። የሁለቱንም ደም የቀዳሁት እኔ ነኝ። ከምሽት ጀምሮ እህል አለመቅመሳቸውንም ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

የባልየው ጠቅላላ ኮሌስትሮል 231፣ ኤል.ዲ.ኤል 156፣ ኤች.ዲ.ኤል 51፣ ትራይግሊሰራይድ 120 ሆነ። ኤል.ዲ.ኤል መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል ነው፤ ትራይግሊሰራይድ ደግሞ ሌላው የደም ስብ። ሁለት ቦታ ላይ «ከፍተኛ» የሚል ምልክት ወጣበት። የሚስትየው ጠቅላላ 196፣ ኤል.ዲ.ኤል 111፣ ኤች.ዲ.ኤል 43፣ ትራይግሊሰራይድ 210። ምልክት የወጣው ትራይግሊሰራይዱ ላይ ብቻ ነው። 43ቷ ዝም ብላ አለፈች። ከ40 በላይ ናታ።

ከሐኪሙ ሲመለሱ በመስኮቴ አለፉ። ባልየው ደንግጠዋል። መድኃኒት ታዞላቸዋል፣ ቅባት ተከልክለዋል። ሚስትየው ፊታቸው ፈክቷል። «የእኔ ቆንጆ ነው ብሎኛል» አሉኝ። ትራይግሊሰራይዱስ ምን ተባለ ብዬ ጠየቅኩ። «በልተሽ መጥተሽ ይሆናል ነው ያለኝ።»

ማዘር፣ አልበሉም እኮ፣ አልኳቸው።

«አልበላሁም። ደግሞስ ልጄ፣ ሁዳዴን ሙሉ ቅቤ በአፌ አልዞረም። ኮሌስትሮል ከየት ይመጣል ብለሽ ነው?»

ይህን ጥያቄ በጾም ወቅት በየቀኑ እሰማዋለሁ። በሰውነታችን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን አካል ነው፤ በተለይ ጉበት። ቅቤና ሥጋ መተው ኤል.ዲ.ኤልን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በሁዳዴ ማብቂያ የተለካ ኤል.ዲ.ኤል ከዓመቱ የተሻለው ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በጾም ግን ዳቦው፣ እንጀራው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ይጨምራል። ይህ ደግሞ ትራይግሊሰራይድን ከፍ፣ ኤች.ዲ.ኤልን ዝቅ የማድረግ ጠባይ አለው። ስኳር ያለበት ሰው ላይ የበለጠ ይታያል። የእኚህ እናት ወረቀት ላይ የነበረውም ይኸው ነው።

58 ዓመታቸው ነው። ካረጡ ቆይተዋል። ስኳርም ግፊትም አለባቸው። ሴት ወር አበባ እያየች ሳለ ኤች.ዲ.ኤሏ ከወንድ ከፍ ይላል። ካረጠች በኋላ ኤል.ዲ.ኤሏ ይጨምራል። የልብ ሕመም በአማካይ ከወንዱ አሥር ዓመት ገደማ ዘግይቶ ይመጣባታል። ስኳር ሲጨመርበት ይህ የመዘግየት ዕድል ይጠፋል ማለት ይቻላል። ስኳር የሁለቱንም ልብ ይጎዳል፤ አደጋውን የሚያባዛው ግን በሴቷ ላይ ይበልጣል። ለዚህም ነው ከ40 እስከ 75 ዓመት ላለ የስኳር ታማሚ ኤል.ዲ.ኤሉ ብዙ ከፍ ባይልም ኮሌስትሮል የሚቀንሰው መድኃኒት ስታቲን እንዲጀመር የሕክምና መመሪያዎች የሚመክሩት። ከሁለቱ ይበልጥ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው «ቆንጆ ነው» የተባሉት ናቸው።

እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ መድኃኒት አላዝም። «ለክትትል ሲመለሱ ይህን ወረቀት ይዘው ይምጡ። ስኳርና ግፊት ስላለብኝ ለልቤም መድኃኒት ያስፈልገኝ እንደሆነ ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ» አልኳቸው። ባልየው ጣልቃ ገቡ። «የእሷ ልብ ደህና ነው፤ አሁን የሚያስፈራው የእኔ ነው።» ሄዱ።

ክረምት ላይ አዳር ተረኛ ነበርኩ። ከአምስት ሰዓት በፊት አንድ ናሙና ከድንገተኛ መጣ። የሰገራ ዕቃ ነው። ማዘዣው ላይ የጨጓራ ባክቴሪያው ኤች ፓይሎሪ እና የደም ሴል ቆጠራው ሲቢሲ ተጽፏል። ለሲቢሲው ደም ስላልመጣ ልቀዳ ወጣሁ። አልጋው ላይ እኚያው እናት ናቸው።

ላብ አጥምቋቸዋል። ጡጫቸውን ከእንብርታቸው በላይ ተጭነው ይዘዋል። ምን ይሰማዎታል አልኳቸው። «ጨጓራዬ ነው። ጀርባዬንም ሰቅዞ ይዞኛል። መንጋጋዬ ሁሉ ዝሏል። ሊያስመልሰኝ ይላል ግን አይመጣም።» ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ነው አሉ ባልየው። የጨጓራ መርፌ ተወግተዋል። ምንም አልቀነሰላቸውም።

ደሙን ስቀዳ ለትሮፖኒን፣ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም ለሚወጣው ፕሮቲን፣ የሚሆን አንድ ቱቦ ጨምሬ ቀዳሁ። ከዚያ ወደ ተረኛው ሐኪም ሄድኩ።

«ዶክተር፣ ትሮፖኒን ልጨምር? ኢሲጂም አልተነሡም።»

«ለምን? ደረቷን አላመማትም እኮ።»

«ስኳር አላቸው። ግፊትም አለ። ስባቸውንም እኔው ነኝ የሠራሁት፤ ኤች.ዲ.ኤላቸው ዝቅተኛ ነው።»

ስክሪኑን ከፍቶ አየ። «43 ነው። ኖርማል ነው የሚለው።»

«የወንድ መነሻ ነው የተጻፈው።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣውን ተናገረ። «ሴት ናት እኮ። ባልየው ቢሆን እሺ።»

ክፉ ሰው አይደለም። በዚያ ሌሊት ብዙ ታማሚ ነበረው፣ ደክሞታል። ያናደደኝ ቃሉን ሲናገር የነበረው እርግጠኝነት ነው። ለመከራከር አልነበረም የተናገረው። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ያስታወሰኝ ያህል ነው። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም በሴትም በወንድም ዋናው ምልክት ነው፤ እሱ አልተለወጠም። ሴቶች ላይ ግን ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የጀርባና የመንጋጋ ሕመም፣ ድካም አብሮ የመምጣቱ ወይም ቀድሞ የመታየቱ ነገር ይበዛል። ስኳር ደግሞ ነርቭን ስለሚጎዳ ሕመሙን ሊያደበዝዘው ይችላል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። አሜሪካ፣ ፍራሚንግሃም ከተማ ውስጥ በ1948 የተጀመረው ታዋቂው የልብ ጥናት ላይ ከነበሩት 5,209 ሰዎች ከግማሽ በላይ ሴቶች ነበሩ። እውቀቱ ካለ ቆይቷል። ተረኛ ክፍላችን ድረስ ሳይመጣ የቀረው ምን ሆኖ ነው?

«ቱቦውን ቀድቼዋለሁ፤ እሺ በለኝ» አልኩት። እሺ አለ። ሲስተሯም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራውን፣ ኢሲጂውን፣ አነሣች። ጥርጥር የሚያጠፋ ነገር አላሳየም። ትሮፖኒኑም ኔጋቲቭ ሆነ።

«አየሽ» አለኝ።

«ሕመሙ የጀመራቸው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ደሙን የቀዳሁት ሁለት ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ነው። የእኛ ማሽን ጥቂቱንም የሚያሳየውን ረቂቁን የትሮፖኒን ምርመራ አይሠራም። ገና ላይወጣ ይችላል። ስምንት ሰዓት ላይ ልድገመው።»

«የሁለተኛውን ማን ይከፍላል?»

ባልየው ከአልጋው ራስጌ ሆነው ሰሙ። «እኔ እከፍላለሁ። አሥር ጊዜ ድገሙት» አሉ። ድምፃቸው ተንቀጥቅጧል። ሐኪሙ አላወጣቸውም፤ ኢሲጂውንም አብራችሁ ድገሙ አለ። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ወደ ቤት ሂዱ ሊላቸው ይችል ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ትሮፖኒኑ ከመነሻው ብዙ እጥፍ ሆኖ ወጣ። ውጤቱ እስኪታተም አልጠበቅኩም። ስልክ አንሥቼ ነገርኩት፣ ቁጥሩን መልሶ እንዲያነብልኝ አደረግኩ፤ አስጊ ውጤት የሚነገረው እንደዚያ ነው። ኢሲጂውም ተለውጦ ነበር። እናትየው አስፕሪን አኘኩ፣ አምቡላንስ ተጠራ፣ የልብ ደም ሥር የሚከፍቱበት ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈላቸው። ተረፉ። አንዱ የልብ ደም ሥራቸው ክፉኛ ጠቦ እንደተገኘ በኋላ ላይ ባልየው መጥተው ነገሩኝ።

በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ተነበበ። ተረኛው ሐኪም ጠርጥሮ ትሮፖኒን አዘዘ፣ ኔጋቲቭ ሲሆን እንዲደገም አደረገ ተባለ። ጭብጨባ ነበር። ላብራቶሪ የሚል ቃል አልተነሣም። አልከፋኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ይበልጥ የከፋኝ ግን ስለ ሁዳዴው ወረቀት ማንም አለማንሣቱ ነው። እኚህ እናት ያኔ ስታቲን ቢጀመርላቸው ሕመሙ አይመጣም ነበር ብዬ መማል አልችልም። መድኃኒቱ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ዕድሉ ግን ሳይሰጣቸው ቀረ።

እጄን አወጣሁ። ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አነበብኩ፤ የባልየውን እና የሚስትየውን። ማን መድኃኒት እንደታዘዘለት፣ ማን እንዳልታዘዘለት ተናገርኩ። ኃላፊዬ ጉንጩን ይዞ ያየኛል። በዚያው ወር ለኤች.ዲ.ኤል ሁለት መስመር ተሠራ፤ ወንድ ከ40፣ ሴት ከ50። ኃላፊው ለሁላችን በላከው መልእክት ላይ «በጥራት ኮሚቴው ጥረት» ይላል። ይሁን፣ ተስተካክሏል።

ሳይስተካከል የቀረ ሌላ ነገር አለ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሁለት የምርመራ ጥቅሎች ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። የወንዶቹ ውስጥ ኮሌስትሮል፣ ኢሲጂ እና ፕሮስቴት አለ። የሴቶቹ ውስጥ የማኅፀን በር እና የጡት ምርመራ አለ። ሁለቱም በጣም አስፈላጊ ናቸው። ልብ ግን የለችበትም። በዓለም ላይ ሴቶችን ከሁሉ በላይ የሚገድለው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ማስታወቂያ ክፍል ሄጄ ይህንኑ አስረዳሁ። «ሴቶች ስለ ልብ አይጠይቁም» አለችኝ ልጅቷ። ትክክል ናት። የሚጠይቁት ስለ ጨጓራ ነው። እንዲጠይቁ ማን ነገራቸው?

አሁን የምሠራው ሌላ ቦታ ነው፤ ጥቅሉ ግን እዚህም ያው ነው። ስለዚህ ደም መቅጃ ወንበር ላይ የተቀመጠችን ሴት ሁሉ እጠይቃለሁ። ስኳር አለሽ? ግፊትስ? በእርግዝና ጊዜ ግፊት ወይም ስኳር ይዞሽ ያውቃል? ያረጥሽው ከ40 ዓመትሽ በፊት ነው? አንዱ ካለ ስቡን ለብቻው ከፍለሽ አሠሪ፤ ውጤቱን ይዘሽ ስለ ልብሽ ሐኪሙን ጠይቂ እላለሁ። አንዳንዶቹ ያሠራሉ። ብዙዎቹ ገንዘቡን ለባላቸው ምርመራ ማዋል ይመርጣሉ። እነሱን ቶሎ አለቃቸውም። ሰልፉ ቢረዝምም የሁለቱን ሰዎች ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ አሳያቸዋለሁ።