ወረቀቱ ይሰማል፣ ሬዲዮው አይሰማም

«ወረቀቱ ይሰማል ይላል፤ ሬዲዮው ግን አይሰማም።» የኮምቦልቻዋ የስምሪት ሠራተኛ ይህን ያለችው ስድስት የመኪና ሬዲዮ በካርቶን አስጭና ደሴ፣ እኛ ጥገና ቤት ድረስ ከወጣች በኋላ ነው። የመለኪያ ቅጾቹንም ይዛለች። ፊርማ አላቸው፣ ማህተም አላቸው፣ ስድስቱም «አልፏል» ይላሉ። ሾፌሮቿ ግን ሐረጎን ወረድ እንዳሉ የደሴውን ጣቢያ ያጡታል። ቅጹን የሰጠው ጥገና ቤት ስሙ ይቅርና፣ ስትጠይቀው የመለሰላት ሾፌሮቹ ስኩዌልች (ጫጫታ የሚዘጋውን ቁልፍ) ማስተካከል አያውቁም፣ ደግሞም ተራራው ይከልላቸዋል ብሎ ነበር። ተራራው እውነት ነው ይከልላል። ግን አምናም እዚያው ነበረ፤ አምና በዚያው መታጠፊያ ላይ ይሰማ ነበር። ሰውን ያለ ጥፋቱ «አታውቅም» ማለት ምን ያህል እንደሚያቆስል የሚያውቀው የተባለው ሰው ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ከብልሽቱ ይልቅ ያ መልስ ነው።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው ቴክኒሻን ሬዲዮኖቹን ለመክፈት አልቸኮሉም። መጀመሪያ ቅጾቹን አነበቡ። ቅጹ የሚጽፈው ንግግሩ ከጫጫታው በበቂ ተለይቶ እንዲሰማ (12 ዲቢ ሲናድ የሚባለው ልክ ነው) ሬዲዮው የሚያስፈልገውን ትንሹን ሲግናል ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሬዲዮው ይሻላል። አራቱ ሬዲዮኖች ለ12 ዲቢ ሲናድ 0.28፣ 0.29፣ 0.3 ማይክሮቮልት አካባቢ ተጽፎላቸዋል፤ ደንቡ ላይ የቆመ፣ ማንንም የማያስጠረጥር ቁጥር። ሁለቱ ግን 0.15 ይላሉ። ጋሼ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ። «ልጄ፣ እነዚህ ሬዲዮኖች አዲስ ናቸው?» አሏት። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ሥራ ስጀምርም ነበሩ» አለች።

0.15 ማይክሮቮልት በ50 ኦም ላይ −123.5 ዲቢኤም ገደማ ነው (ዲቢ የሁለት ኃይሎች ንጽጽር ነው፤ ዲቢኤም ከአንድ ሚሊዋት ጋር ያነጻጽራል)። የተፈጥሮ ሙቀት ብቻውን የሚፈጥረው ጫጫታ በአንድ ኸርዝ −174 ዲቢኤም ስለሆነ፣ 15 ኪሎኸርዝ ስፋት ባለው ተቀባይ ውስጥ −132 አካባቢ ይደርሳል። የሚቀረው ከ9 ዲቢ ያነሰ ቦታ ነው። ከዚያ ላይ ለ12 ዲቢ ሲናድ የሚያስፈልገው የሲግናል ብልጫ ይቀነሳል፣ የፊት ማጣሪያው የሚበላው ይቀነሳል፣ የማጉያው ትራንዚስተር የራሱ ጫጫታ ይቀነሳል። ዕድሜ ጠገብ የመኪና ሬዲዮ ይህን ሁሉ ችሎ 0.15 ላይ አይደርስም። ቁጥሩ ከሚገባው በላይ ጥሩ ነበር፤ ከሚገባው በላይ ጥሩ ቁጥር ደግሞ ከመጥፎ ቁጥር እኩል ምርመራ ይገባዋል።

በእኛ መሣሪያ ሲለኩ 0.15 የተባሉት 0.26 ሆኑ፣ 0.29 የተባለው 0.49፣ 0.3 የተባለው 0.5። ስድስቱም የተዛቡት በአንድ ልክ ነው፤ 1.7 እጥፍ፣ በዲቢ 4.6። ስድስት ሬዲዮ በየራሱ ምክንያት ሊደክም ይችላል፣ በአንድ ልክ ግን አይደክምም። ጋሼ ቅጹን ወደ ሰጠው ጥገና ቤት ስልክ ደውለው የለካቸው ሲግናል ጀነሬተር (ልኩ የታወቀ የሬዲዮ ሲግናል የሚያመነጨው መሣሪያ) ይምጣልኝ አሉ። የጥገና ቤቱ ኃላፊ ራሱ ተሸክሞ አመጣው፤ ይህን ስላደረገ ምስጋና ይገባዋል።

ጀነሬተሩ እስከ 512 ሜጋኸርዝ የሚሄድ፣ በደረጃ የሚዞር አቴኑዌተር (ሲግናል የሚያዳክም ክፍል) ያለው አሮጌ ዕቃ ነው። ጠረጴዛው ላይ እንዳረፈ ንግግሩ ተጀመረ።

«ኢንጂነር፣ ይህ መቼ ተለካ?»

«በየዓመቱ ይለካል ጋሼ። ተለጣፊው ይኸው።»

«በስንት ዲቢኤም ላይ?»

«በዜሮ። ፓወር ሜትር ላይ 0.1 ዲቢ እንኳ አልተዛነፈም።»

«ሬዲዮውንስ የምትለኩት በስንት ነው?»

ኃላፊው ትንሽ ዘገየ። «ከ−110 ወዲያ ነው።»

«እንግዲያው ሬዲዮ የምትለኩበትን ክፍል ማንም አልለካውም።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዜሮ ዲቢኤም ላይ አቴኑዌተሩ ከመንገድ ወጥቷል፤ ሲግናሉ ቀጥታ ያልፋል። ፓወር ሜትር ደግሞ ደካማ ሲግናል ስለማያነብ ሁሉም ሰው ቀላሉን ጫፍ ለክቶ ተለጣፊ ይለጥፋል።

ኃላፊው ግን በዋዛ አልተረታም፤ ያቀረበው መከራከሪያም መልስ የሚገባው ነበር። «ጋሼ፣ ይህ የኢኤምኤፍና የፒዲ ልዩነት ይሆናል። የእርስዎ መሣሪያ በኢኤምኤፍ ቢያነብ፣ የእኛ በፒዲ ቢያነብ፣ ቁጥሩ መለያየቱ ግድ ነው።» ብዙ የእንግሊዝ ስሪት ጀነሬተሮች ያለ ጭነት ያለውን ቮልቴጅ (ኢኤምኤፍ) ይጽፋሉ፣ የአሜሪካኖቹ አብዛኛውን ጊዜ 50 ኦም ላይ የሚያርፈውን (ፒዲ)። በዚህ የተነሳ የተጣሉ ጥገና ቤቶች አሉ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያ ቢሆን ልዩነቱ ልክ እጥፍ ነው፣ 6 ዲቢ። ይኸ 4.6 ነው። ደግሞ ያኛው ቁልፉን የትም ቢያዞሩት አይለወጥም። እስቲ ይኸኛው ይለወጥ እንደሆነ እንየው።»

አርኤፍ ሚሊቮልት ሜትር (የሬዲዮ ሲግናልን ጥቃቅን ቮልቴጅ የሚያነብ) በ50 ኦም መጨረሻ ታሰረለትና ቁልፉ ደረጃ በደረጃ ዞረ። ዜሮ ላይ 224 ሚሊቮልት፣ ትክክል። −10 ላይ 71፣ ትክክል። −20 ላይ 22.4 መሆን ሲገባው 38። −30 ላይ 7.1 መሆን ሲገባው 12። −40 ላይ ተመልሶ 2.24፣ ትክክል። በዚህ ጀነሬተር ውስጥ ያሉት ፓዶች (ሲግናሉን የሚያዳክሙት የሬዚስተር ቡድኖች) 10፣ 20፣ 40 እና 40 ዲቢ ናቸው። ስህተቱ 20ው ሲገባ ይመጣል፣ 20ው ሲወጣ ይሄዳል። ኃላፊው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኢኤምኤፍ አልተነሳም።

እንዲህ ያለ ሚሊቮልት ሜትር የሌለው ጥገና ቤት ሬዲዮውን ራሱን መመርመሪያ ያድርገው። ጤነኛ የውጭ 20 ዲቢ ፓድ ያዙ። ጀነሬተሩን −110 ላይ አድርጋችሁ ቀጥታ ከሬዲዮው ጋር አገናኙና ሲናዱን አንብቡ። ከዚያ ቁልፉን ወደ −90 አምጥታችሁ የውጩን 20 ዲቢ በመሃል አስገቡ። ሬዲዮው የሚያገኘው ያው −110 ነው፣ ሲናዱም አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ የውስጡ 20 ታሟል። የፓዶቹ አደረጃጀት ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይ ቀድሞ ንድፉን ማየት ይበጃል።

ቀጥሎ ጀነሬተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ −20 ላይ ሆኖ፣ ቴስተር በመውጫው ላይ ተደረገ። የ20 ዲቢ ፓይ ፓድ ሁለት የጎንና አንድ የመሃል ሬዚስተር አለው፤ ጎኖቹ 61.1 ኦም ወደ ግራውንድ፣ መሃሉ 247.5። ከመውጫው ሲታይ 51 ኦም ገደማ ማሳየት ነበረበት። ያሳየው 308 ነው፤ ማለትም 247.5 ሲደመር የወዲያኛው 61.1። የወዲህኛው፣ መውጫው ሥር ያለው 61.1፣ የለም። (መውጫቸው ላይ ዲሲ የሚከለክል ካፓሲተር ያላቸው መሣሪያዎች አሉ፤ እነሱ ላይ ቴስተር ምንም አይናገርም።)

ለምን እሱ ተቃጠለ? ሬዲዮው ከጀነሬተሩ ጋር ታስሮ ሳለ አንድ ሰው ፒቲቲ (የማይክራፎኑን የመናገሪያ ቁልፍ) ተጭኗል። ሬዲዮው ያን ጊዜ የሚያሰራጨው 25 ዋት በ50 ኦም ላይ 35 ቮልት ነው። ከዚህ ውስጥ መውጫው ሥር ያለው 61.1 ኦም ብቻውን 20.5 ዋት ይቀበላል፣ መሃሉ 4 ዋት ገደማ፣ የወዲያኛው ግማሽ ዋት እንኳ አይደርሰውም። ሩብ ዋት የሚችል ሬዚስተር 20 ዋት ሲመጣበት የማይክራፎኑ ቁልፍ እስኪለቀቅ አይጠብቅም።

የጉዳቱ አቅጣጫ ነው ክፉው። መሃሉ ተቃጥሎ ቢሆን ሲግናሉ ይዳከማል፣ ሬዲዮኖች ሁሉ በአንድ ቀን ደንቆሮ ይመስላሉ፣ ጥገና ቤቱ ይጮሃል፣ ጀነሬተሩ በማግስቱ ይከፈታል። የጎኑ ሲቃጠል ግን ሲግናሉ በ4.6 ዲቢ ይበረታል፤ የደከመ ሬዲዮ ያልፋል፣ ደህናው ደግሞ ተአምረኛ ይመስላል። ሰኞ ገበያ ላይ ለገዢው የሚያደላ ሚዛን ቢኖር ከገዢዎች ማን ይከሳል? በዚህ ቁልፍ ላይ ሲለካ የኖረ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ፈርሟል። ዋጋውን የከፈሉት ሐረጎ ላይ ጣቢያ የጠፋባቸው ሾፌሮች ናቸው።

ጥገናው ከምርመራው ያጠረ ነው። 61.1 ኦም ደሴ ገበያ ላይ አይፈለግም። ሁለት 120 ኦም ጎን ለጎን 60 ይሰጣሉ፤ በፓዱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከ0.1 ዲቢ በታች ነው። ላዩ ላይ «121» የተጻፈበት ጠፍጣፋ ሬዚስተር 120 ኦም ነው፣ ከተጣለ ቦርድ ላይ ይገኛል። አንዱ በመስመሩ ግራ፣ ሌላው በቀኝ ተበየደ፤ እንዲህ ሲሆን ወደ ግራውንድ የሚወስደው መንገድ ያጥራል። እግር ያለውን ተራ ሬዚስተር ማስገባት አይገባም፤ 5 ሚሊሜትር እግር 5 ናኖሄንሪ ገደማ ነው፣ በ160 ሜጋኸርዝ 5 ኦም ይጨምራል። የተጠመጠመ ሽቦ ያለበትን ሬዚስተርማ ጨርሶ አታስቡት። በወርቅ የተለበጡትን ኮንታክቶች በአልኮልና በንጹሕ ወረቀት መጥረግ ይበቃል። ብርጭቆ ወረቀት ያሳየው ሰው ወርቁን ይገፍፋል፤ በዓመቱ ደረጃዎቹ መዝለል ይጀምራሉ።

የአቴኑዌተሩ ክዳን ሲመለስ ብሎኖቹ ሁሉ መመለስ አለባቸው፣ ሁሉም። አንድ የጎደለ እንደሆነ በ−119 ላይ ሬዲዮው የሚሰማው በኬብሉ የመጣውን ሳይሆን በክፍተቱ የወጣውን ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ኬብሉን ከሬዲዮው ነቅላችሁ ጫፉን በ50 ኦም ዝጉ፣ ሬዲዮውን አጠገቡ አድርጉ። አሁንም ከሰማ ጀነሬተሩ ያፈሳል።

ክዳኑ ክፍት ሳለ ኃይል መግቢያው ላይ ሌላ ነገር ታየ፤ ሪፋ የሚባለው ግልጽ ቢጫ ሽፋን ያለው ካፓሲተር፣ ሽፋኑ ተሰነጣጥቆ። ውስጡ ወረቀት ነው፣ በስንጥቁ እርጥበት ይጠጣል። የደሴ ክረምትና ጉም ባለበት አገር ይህ ካፓሲተር አንድ ቀን ቤቱን በጭስ ይሞላዋል። ሳይጨስ በፊት 275 ቮልት ኤሲ በሚችል የኤክስ2 ዓይነት (ለመብራት መስመር የተሠራ) ተቀየረ።

ከጥገና በኋላ በ160 ሜጋኸርዝ ሁሉም ደረጃ በ0.3 ዲቢ ውስጥ ገባ። በ470 ላይ 20ው 0.7 ዲቢ ያዘነብላል፤ ይኸው ቁጥር ተጽፎ ጀነሬተሩ ላይ ተለጠፈ።

እንዳይደገም ምን ይደረግ በሚለው ላይ ሌላ ክርክር ተነሳ። ኃላፊው ማስጠንቀቂያ እንለጥፋለን አለ። ማስጠንቀቂያው ግን አስቀድሞም ነበር፤ መውጫው አጠገብ በቀይ «ፒቲቲ አትጫኑ» ይላል፣ ሬዚስተሩ የተቃጠለውም ከሥሩ ነው። ጋሼ ያሉት 50 ዋት የሚችል የ20 ዲቢ አቴኑዌተር መውጫው ላይ ለዘለቄታው ይታሰር ነው። 25 ዋት ቢመጣ ወደ ጀነሬተሩ የሚደርሰው ሩብ ዋት ነው። −119 ለመስጠት ቁልፉ −99 ላይ ይሆናል።

«ልጆቹ 20ዋን መቀነስ ይረሱታል» አለ ኃላፊው።

«ይርሱት። ሲረሱት ሬዲዮው በ20 ዲቢ የደነቆረ ይመስላል፣ ያን ጊዜ ይጮሃሉ፣ ትሰማቸዋለህ። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም የሚያሰኘው ስህተት ነው።» ከጠዋት ጀምሮ «እርስዎ» ሲሉት የዋሉትን ሰው «አንተ» ያሉት ያኔ ነው፤ በእሳቸው ዘንድ ይህ የመቅረብ ምልክት ነው።

ከስድስቱ ሬዲዮ ሁለቱ ደህና ነበሩ። የአራቱ የፊት ማጉያ ትራንዚስተር ደክሞ ነበር፤ ተቀይሮ የፊት ማጣሪያዎቹ እንደገና ሲቃኙ ከ0.27 እስከ 0.3 ደረሱ፣ በትክክለኛው ቁልፍ። የስምሪት ሠራተኛዋ አዲሶቹን ቅጾች ስትቀበል የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ሾፌሮቹ ጥፋት እንደሌለባቸው በጽሑፍ ይሰጠኝ አለች። ተሰጣት፣ ኃላፊውም ፈረመበት።

በዚያው ጀነሬተር ተለክተው ለሌሎች ደንበኞች የተሰጡት ቅጾች ግን አልተጠሩም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ለአሮጌ የመኪና ሬዲዮ ከ0.2 ማይክሮቮልት በታች የተጻፈበት ቅጽ በእጁ ያለ ሰው ሬዲዮውን እንደገና ያስለካ። ሲያስለካም ጀነሬተሩ ራሱ በየትኛው ደረጃ ላይ ተለክቶ እንደነበር ይጠይቅ፤ «በዜሮ» ካሉት የ20 ዲቢውን ንጽጽር ፊቱ ያድርጉለት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።